ጨረቃ ሳቢዎቹ

በጥንቷ አሦርና ባቢሎን አቡ የሚባለው ወር የሙታን ወር ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ጨረቃ ከሰማይ ትጠፋለች፤ ያን ጊዜ የሙታን መናፍስት ከምድር በታች ወጥተው ከሕያዋን ጋር ይቀላቀላሉ ተብሎ ይታመን ነበር። መተት ተሠርቶብኛል ብሎ የሚጨነቅ ሰውም አሺፑ የተባለውን አስማት ፈቺ የሚያስጠራው ለዚያች ጨለማ ሌሊት ነው። አሺፑው የመተተኛውንና የመተተኛዋን ምስል በሰም፣ በሞራ፣ በጭቃ፣ በሊጥና በእንጨት ይሠራል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሌሊት አማልክትን ይጠራና ምስሎቹን እሳት ላይ እየጣለ፣ ድግምቱን እየደገመ ያድራል። ሲነጋ ሕመምተኛው በምስሎቹ ላይ እጁን ይታጠባል፤ የተሠራበትም መተት ከእጣቢው ጋር ወደ ሠሪው ይመለሳል። ማቅሉ የሚባለው ይህ ሥርዓት 8 የሸክላ ጽላቶች ሞልቶ ወደ 100 የሚጠጉ ድግምቶች አሉት፤ ሌላ አንድ ጽላት ደግሞ ምን በምን ሰዓት እንደሚደረግ ይዘረዝራል።

እነዚህን ከመሳሰሉት ጽላቶች ብዙዎቹ የተገኙት ነነዌ ከነበረው ከንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ነው። ቁፋሮውን ሌያርድ የተባለው እንግሊዛዊ ጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ደግሞ የሞሱል ተወላጁ ሆርሙዝድ ራሳም ቀጠለበት። ይህ ራሳም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የመጣው፣ መቅደላ ላይም ታስሮ የከረመው ያው ሰው ነው።

የጨረቃ አስማት ሲባል ዛሬ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ሙሉ ጨረቃ፣ ከሥሯም የሚጨፍሩ ጠንቋዮች ናቸው። በጥንቱ መዝገብ ግን ጎልታ የምትታየው የጠፋችው ጨረቃ ናት። ሙሉ ጨረቃ ለነነዌ ሰዎች የስጋት ሌሊትም ነበረች፤ የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ሞልታ ሳለ ብቻ ነውና። ኤኑማ አኑ ኤንሊል የተባለው፣ 70 ገደማ ጽላቶች ያሉት የምልክቶች መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዎቹን 22 ጽላቶች ለጨረቃ ብቻ ሰጥቷል። ግርዶሹ የንጉሥ ሞት ነው ተብሎ ከተፈታ ምትክ ንጉሥ ይፈለጋል። ምትኩ እስከ 100 ቀን ድረስ ልብሰ መንግሥት ለብሶ ዙፋን ላይ ይቀመጣል። እውነተኛው ንጉሥ ደግሞ ገለል ይላል፤ የሰናክሬም ልጅ አስራዶን በነዚያ ቀናት ከአማካሪዎቹ በሚላኩለት ደብዳቤዎች የሚጠራው «ገበሬው» እየተባለ ነበር። ቀኑ ሲሞላ ምትኩ ይገደላል፣ ክፉው ምልክትም ተፈጸመ ይባላል። በ671 ዓ.ዓ. ዕጣው የወጣው ዳምቂ ለተባለ የአንድ ትልቅ የቤተ መቅደስ ሹም ልጅ ነበር። ከተሰጠችው «ንግሥት» ጋር ሞተ፤ በወግ ተለቅሶላቸው ተቀበሩ።

ወደ ግሪክ ሲሻገሩ የጨረቃ መጥፋት ሌላ ጭንቀት ነበረው፤ ወለድ የሚከፈለው ወር ሲያልቅ ነው። አሪስቶፋኒስ በ423 ዓ.ዓ. አቴና ላይ ያሳየው «ደመናዎች» የተባለ ኮሜዲ ስትሬፕሲያዲስ በሚባል ሽማግሌ ዙሪያ ይሽከረከራል። ልጁ በፈረስ ፍቅር አብዶ አባቱን ዕዳ ውስጥ ዘፍቆታል። ሽማግሌው አውጥቶ አውርዶ አንድ መላ ያገኛል። ከተሰሊያ አንዲት ጠንቋይ ገዝቶ ጨረቃን በሌሊት ማስወረድ፣ ከዚያም እንደ መስታወት ክብ ማኅደር ውስጥ ከትቶ መቆለፍ። ጨረቃ ካልወጣች ወር አይገባም፣ ወር ካልገባ ማን ወለድ ይጠይቃል? ቀልዱ ማብራሪያ አላስፈለገውም። በሰሜን ግሪክ የምትገኘው ተሰሊያ ጨረቃን ከሰማይ ስበው በሚያወርዱ ሴቶቿ የታወቀች ነበረች። ፕላቶን እንኳ እነዚህ ሴቶች ለሥራቸው የሚወዱትን ነገር ዋጋ ይከፍላሉ የሚለውን ወሬ በአንድ ጽሑፉ ጠቅሶታል።

በዚያው በወር መጨረሻ፣ ጨረቃ ከዓይን ስትሰወር፣ ግሪኮች ለሄካቴ እራት ያወጡ ነበር። ሄካቴ የመንታ መንገድ፣ የመናፍስትና የአስማት አምላክ ናት። ምግቡ መንገድ ዳር ይቀመጥና ያስቀመጠው ሰው ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። አሪስቶፋኒስ ይህንንም ሳይነካ አላለፈም፤ የሀብታሞቹ እራት ገና መሬት ሳይነካ ድሆች ይነጥቁት እንደነበር ይነግረናል።

ጨረቃን መፍራት ግን ሁልጊዜ በቀልድ አላለቀም። «ደመናዎች» ከታየ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 413 ዓ.ዓ.፣ ሲራኩስን ከብቦ የነበረው የአቴና ጦር ተሸንፎ በሌሊት ሊሸሽ መርከቦቹን አሰናዳ። ጨረቃ ሞልታ ነበር፤ እያዩዋትም ጠቆረች። አዛዡ ኒክያስ ሟርት የሚፈራ ሰው ስለነበረ ጠንቋዮቹን ጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን፣ ማለትም 27 ቀን ቆይ አሉት። ቆየ። በመሃል የሲራኩስ ሰዎች የወደቡን አፍ ዘጉት። መርከቦቹ ተሰባበሩ፣ በእግሩ የሸሸውም ጦር መንገድ ላይ ተለቃቀመ፣ ከ7,000 የማያንሱ እስረኞች የድንጋይ ካባ ውስጥ ተወረወሩ፣ ኒክያስም ተገደለ። ፕሉታርክ በዚህ ታሪክ ላይ የምታስቆጭ ነገር ጨምሯል። የኒክያስ አዋቂ የነበረው ስቲልቢዲስ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሞቶበት ነበር። ምልክት ከሚፈቱት መካከልም ጨለማ ለሚሸሽ ሰው መልካም ነው፣ ግርዶሹ ሂዱ ማለት ነበር የሚል ክርክር ተነሥቷል። አንድ ግርዶሽ፣ ሁለት ትርጓሜ!

ይኸው ፕሉታርክ ስለ አንዲት የተሰሊያ ሴት ያወራል። አግላኦኒቂ ትባላለች፣ የሄጌቶር ልጅ። ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን ማስላት የተማረች ሴት ነበረች፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ሴቶቹን ሰብስባ ጨረቃን አወርዳለሁ ትላለች፣ ጨረቃም ትጠፋለች። ፕሉታርክ ይህን የሚጽፈው ለአዲስ ሙሽሮች በሚሰጠው ምክር ውስጥ ነው፤ ሚስት ሥነ ፈለክ ካወቀች እንዲህ ባለው አትታለልም ለማለት። የሚገርመው ግን ከታሪኩ ውስጥ ሥነ ፈለክን በደንብ የምታውቀው ራሷ አታላይዋ መሆኗ ነው።

በ3ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ቴዎክሪቶስ የጻፈው አንድ ግጥም የመስተፋቅር ሌሊት ያሳየናል። ሲሜታ የተባለችው ልጅ ወዳጇ ዴልፊስ ከቀረባት ብዙ ቀን ሆኖታል። ከአገልጋይዋ ጋር ሌሊት ተነሥታ ገብስ ታሳርራለች፣ ቅጠል ታቃጥላለች፣ ሰም ታቀልጣለች፣ የነሐስ መንኰራኩር ታሽከረክራለች። ውሾች ሲያላዝኑ ሄካቴ መንታ መንገድ ላይ ደረሰች ማለት ነውና ነሐስ ይመታል። መድኃኒቱን ሠርታ ስትጨርስ አገልጋይዋን ታሰናብትና ለብቻዋ ከጨረቃ ጋር ትቀራለች፤ ፍቅሩ እንዴት እንደጀመረ፣ እንዴት እንደከዳት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታጫውታታለች። እዚህ ላይ ጨረቃ የምትሳብ ነገር መሆኗ ቀርቶ ምስጢር ተካፋይ ሆናለች። ስለ ጨረቃ አስማት ከተጻፈው ሁሉ ሰው ሰው የሚሸተው ይህ ይመስለኛል።

ቴዎክሪቶስ በኖረበት ዘመን አካባቢ ከሜዲትራኒያን ማዶ ሌላ መጽሐፍ ይጻፍ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት መጽሐፈ ሄኖክ። በ8ኛው ምዕራፍ ከሰማይ የወረዱት መላእክት ለሰው ልጆች ያስተማሩት ይዘረዘራል። አንዱ አስማትንና ሥር መቁረጥን፣ ሌላው አስማት መፍታትን፣ ሌሎቹ ከዋክብትን፣ አስራድኤል ደግሞ የጨረቃን ሩጫ። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሹና ጨረቃ ቆጣሪው በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ኃጢአት ተጻፉ ማለት ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ወረድ ብሎ የጨረቃን መሙላትና መጉደል በየቀኑ በክፍልፋይ እያሰላ ያስተምራል፤ አስተማሪው ዑራኤል በመሆኑ ዕውቀቱ ንጹሕ ሆነ። መጽሐፉ ሙሉውን ተርፎ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ የሚያውቀው ቅንጥብጣቢውን ነበር።

ሮማውያን የጨረቃን ነገር ወደ ጓዳና ወደ እርሻ አወረዱት። ስትሞላ የሚያድግ ይተከላል፣ ስትጎድል የሚደርቅ ይቆረጣል። ታላቁ ፕሊኒ እንደጻፈው ቄሣር ጢባርዮስ ፀጉሩን የሚቆረጠው ጨረቃ በማትታይበት ቀን ነበር። የጋል ካህናት ደግሞ ከባሉጥ ዛፍ ላይ ተቀጥላውን የሚቆርጡት ጨረቃ በወጣች በ6ኛው ቀን፣ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በወርቅ ማጭድ ነው ይለናል። ሙሉ ጨረቃ ከጠንቋይ ጋር በደንብ የተጋባችው በባለቅኔው በኦቪድ እጅ ነው። የእሱ ሜዴያ ሽማግሌ አማቷን ወጣት ልታደርግ ስትነሣ ጨረቃ እስክትሞላ 3 ሌሊት ትጠብቃለች፤ ከዚያ ባዶ እግሯን፣ ፀጉሯን ለቅቃ ትወጣለች። በ14 ዓ.ም. ፓኖኒያ ላይ ያመፁ የሮማ ወታደሮች ግን ጨረቃ ስትጨልምባቸው እንደ ማንኛውም ባላገር ነሐስ እየቀጠቀጡ መለከት ነፉላት። ስትበራ ደስ ይላቸዋል፣ ስትጠቁር ያዝናሉ። በመጨረሻ ደመና ሲሸፍናት አማልክት በአመፃችን ተቆጡ ብለው ተንቀጠቀጡ፤ የጢባርዮስ ልጅ ድሩሱስም ፍርሃታቸው ሳይበርድ ገብቶ አመፁን አበረደው።

አስማተኞቹ ራሳቸው የጻፉትን ለማንበብ ወደ ግብፅ መውረድ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አናስታሲ የተባለ ነጋዴና ዲፕሎማት ከቴብስ አካባቢ የፓፒረስ ጥቅሎች ሰብስቦ ለአውሮፓ ሙዚየሞች ሸጠ። ከእነዚህ ትልቁ ፓሪስ የሚገኘው ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ፣ ከ3,200 በላይ መስመር ያለው የድግምት መጽሐፍ። በውስጡ ለጨረቃ የሚታጠን አንድ መድኃኒት አለ። የሜዳ አይጥ በምንጭ ውኃ የሰጠመ፣ ሁለት ጢንዚዛ በወንዝ ውኃ የሰጠሙ፣ የፍየል ሞራ፣ የዝንጀሮ ኩስ፣ ሁለት የአይቢስ ወፍ እንቁላል፣ ከርቤ፣ ሽንኩርት። ጽሑፉ እንደሚለው ጳክራቲስ የተባለ የሄልዮፖሊስ ካህን የዚህን ኃይል ለቄሣር ሐድሪያን አሳይቷል። በ1 ሰዓት ሰው ጠራ፣ በ2 ሰዓት አሳመመ፣ በ7 ሰዓት ገደለ፤ ለቄሣሩም ሕልም ላከበት። ቄሣሩም ተገርሞ ደመወዙን እጥፍ አደረገለት። የነጋዴ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሳይሆንም አይቀርም።

ለንደን ያለው ሌላው ፓፒረስ ደግሞ ቀጠሮ ይዟል። ጨረቃ በሚዛን ስትሆን ሙታን መጥራት፣ በዐቅራብ ስትሆን ክፉ ማድረግ፣ በደሊ ስትሆን መስተፋቅር እያለ በየኮከቡ ይመድባል። አሁን ነገሩ ከመሙላትና ከመጉደል አልፎ ጨረቃ የት ቤት ገባች የሚል ሒሳብ ሆኗል።

ክርስትና ሲስፋፋ ነሐስ መቀጥቀጡ አልቆመም። በ743 ገደማ በፍራንኮች ግዛት የተዘጋጀ የአጉል እምነቶች ዝርዝር 30 ርዕሶች አሉት። አንዱ በግርዶሽ ጊዜ «ጨረቃ ሆይ አሸንፊ» እያሉ መጮህን ይመለከታል፤ የመጨረሻው ደግሞ ሴቶች ጨረቃን አዝዘው የወንዶችን ልብ ይወስዳሉ የሚለውን እምነት። ከመቶ ዓመት በኋላ የኖረው ጀርመናዊው መነኩሴ ራባኑስ ማውሩስ ያየውንና የሰማውን በስብከቱ ላይ አነሣ። ጨረቃ ስትጨልም ምእመናኑ ቀንደ መለከት ነፉ፣ እንደ እርያ አጓሩ፣ ቀስትና ጦር ወደ ሰማይ ወረወሩ። ምን ሆናችሁ ሲባሉ፣ አውሬ ሊበላት ስለሆነ እያገዝናት ነው አሉ። ራባኑስ ሳቀባቸው፤ ለራሳችሁ አቅም የሌላችሁ ሰማይን ልታድኑ ነው? እያለ ገሠጻቸው።

የተማረው ሰው አስማት በሌላ በር ገባ። በ1256 የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ አንድ የዐረብኛ የአስማት መጽሐፍ አስተረጎመ፤ አውሮፓ በኋላ ፒካትሪክስ ብሎ የጠራውን። በዚህ መጽሐፍ ጨረቃ በወር ውስጥ በ28 ማረፊያዎች ታልፋለች፤ እያንዳንዱ ማረፊያ የራሱ ክታብ አለው። አንዱ ለመንገደኛ ይሆናል፣ አንዱ ባልና ሚስት ያፋታል፣ ሌላው እስረኛ ላይ ይሠራል። ይህን የሚያነብቡት ላቲን የሚያውቁ ቀሳውስት፣ ሐኪሞችና የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ እንጂ መንደር ውስጥ ሥር የምትምስ ባልቴት አልነበረችም።

ከዚያም የጠንቋይ ማደን ዘመን መጣ፤ በ15ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት መካከል ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በአውሮፓ ተገደሉ። ጨረቃ በችሎቱ መዝገብ ላይ ያላት ስፍራ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ዳኞቹ የሚጠይቁት ስለ ዲያብሎስ ውል፣ ስለ ሞተ ሕፃን፣ ስለ ደረቀች ላም፣ ስለ ሌሊት ጉባኤ ነው። በ1486 የታተመው «የጠንቋዮች መዶሻ» ጨረቃን የሚያነሣት በክርክር መሃል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ላይ በጨረቃ እየተነሣበት የሚሠቃይ ልጅ አለ፤ ታዲያ የሚያሠቃየው ጨረቃ ናት ወይስ ጋኔን? ደራሲው ከቀደሙት ሊቃውንት ተውሶ፣ አጋንንት ሆን ብለው ጨረቃን ጠብቀው የሚነሡት የእግዚአብሔርን ፍጥረት ለማስወቀስ ነው ብሎ መለሰ። ጨረቃ ነጻ ወጣች፤ ሴቶቹ ግን አልወጡም።

ዛሬ በመጻሕፍት መደብር የሚሸጠው የጨረቃ ጥንቆላ የተሰፋው ቆይቶ፣ በ60 ዓመት ውስጥ ነው። በ1899 ቻርልስ ሌላንድ የተባለ አሜሪካዊ «አራዲያ» የምትባል ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ፍሎረንስ ላይ ማዳሌና ከተባለች ሴት ያገኘሁት የጣሊያን ጠንቋዮች ወንጌል ነው አለ፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ተሰብሰቡ የሚለው ትእዛዝ እዚያ ይገኛል። ማዳሌና ከመንደር ያመጣችው ነው ወይስ ደንበኛዋ የሚወደውን አይታ ያቀናበረችው? ምሁራን እስካሁን አልተስማሙም። በ1948 ባለቅኔው ሮበርት ግሬቭስ ጨረቃን ለሦስት ከፈላት፤ ስትወጣ ልጃገረድ፣ ስትሞላ እናት፣ ስትጎድል ባልቴት። ግሪኮች ባለ ሦስት መልክ ሄካቴን ያውቁ ነበር፤ ይህ አከፋፈል ግን በዋናው የግሬቭስ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ሰው ጄራልድ ጋርድነር ነው፤ ማላያ ውስጥ የጉምሩክ ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ። ጠንቋይ ነኝ ማለትን የሚቀጣው የ1735 ሕግ በ1951 ሲሻር አደባባይ ወጣ፤ በ1954 አሮጌ ሃይማኖት ተረፈ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ዊካ ተብሎ የሚታወቀው እምነት የመጣው በዚህ ነው። በ1953 ወደ ቡድኑ የገባችው ዶሪን ቫሊየንቴ ጥሩ አንባቢ ነበረች፤ «የጥንት» ከተባለው ጸሎት ውስጥ የታዋቂውን አስማተኛ የአሌስተር ክራውሊን ቃላት ለይታ አወቀችና ነገረችው። ጋርድነር አልተቆጣም፤ የተሻለ ከቻልሽ ጻፊ አላት፣ ጻፈችም። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ጨረቃን የማውረድ ሥርዓትም አላቸው። ካህኑ ሴቷን አምላክ ይጠራል፣ እሷም በካህኒቱ ላይ አድራ በአፏ ትናገራለች። የተሰሊያ ሴቶች ጨረቃን ከሰማይ ይነጥቋታል ተብለው ይፈሩ ነበር፤ እነዚህ ግን እንድታድርባቸው ይለምኗታል።

አሜሪካ ላይ ነገሩ በሴቶች እንቅስቃሴ ክንፍ በረረ። በ1979 በጥቅምት የመጨረሻ ቀን የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ማርጎት አድለር ስለ አዲሶቹ ጣዖት አምላኪዎች የጻፈችው ወፍራም መጽሐፍ ወጣ፤ ርዕሱም የዚያው የጨረቃ ማውረድ ሥርዓት ስም ነው። በ1986 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዊካ በሕግ ፊት ሃይማኖት መሆኑን ተቀበለ። የታሪክ ምሁሩ ሮናልድ ኸተን በ1999 ባወጣው መጽሐፍ የጋርድነርን «ጥንታዊነት» ክር በክር ሲፈታው ብዙ ዊካውያን አኮረፉ፤ ሌሎች ግን አዲስ ሃይማኖት መሆን ምን ያሳፍራል አሉ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ማይክል ሂዩዝ የተባለ ጸሐፊ በአዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ላይ የሚደገም የማሰሪያ አስማት በኢንተርኔት ለቀቀ። የሚያስፈልጉት ነገሮች ቀላል ናቸው፤ የማያምር ፎቶግራፋቸው፣ የብርቱካን ቀለም ያለው የሻማ ቁራጭ፣ መርፌ፣ ጨው፣ ውኃ። ሻማ ያጣ ሰው ካሮት ይጠቀም ተብሎ ተፈቅዷል። ቀኑ ግን እንደፈለጉ የሚቀየር አይደለም። የመጀመሪያው የካቲት 24 እኩለ ሌሊት ሆነ፣ ጨረቃ ልትጠፋ ሁለት ቀን ሲቀራት፤ ከዚያ በየወሩ ስትሳሳ። የሚታሰር ነገር የሚታሰረው በጎደለች ጨረቃ ነው የሚለው ሥርዓት ተጠብቆ መሆኑ ነው። ዘፋኟ ላና ዴል ሬይ ቀኖቹን በትዊተር አሰራጨች፤ አንዳንድ የክርስቲያን ቡድኖች ደግሞ በዚያው ቀን የጸሎት ጥሪ አደረጉ።

በሐምሌ 2020፣ ወረርሽኙ ሰውን ቤት በዘጋበት ወቅት፣ ጥንቆላን በቲክቶክ የሚማሩ ጀማሪዎች ጨረቃን ረገሟት የሚል ወሬ ተነዛ። ማን እንደረገማት፣ ለምን እንደረገማት የሚያሳይ ነገር ሳይቀርብ ቁጣው ትዊተርን ሞላ። ጥቂቶቹ ለጨረቃ የጥበቃ ድግምት ደገሙ፤ የቆዩት ባለሙያዎች ደግሞ ጀማሪዎቹን ገና ያልበሰላችሁ እያሉ ተሳለቁባቸው፣ ጨረቃን መርገም የሚቻል ነገር አይደለም አሉ። አንዳንዶቹ ግን ነገሩን ይበልጥ አክብደው አዩት። ጨረቃ የአርጤምስ ናት፣ አርጤምስም የአጶሎን እኅት ናት፤ አማልክቱ በጀማሪዎቹ ጥፋት ቢቆጡ ጣጣው ለሁላችን ነው ብለው አስጠነቀቁ።